አያ ማንደፍሮና ጌም ሊያድን የመጣው እንግዳ

ይህን ነገር የሚያወሩ የቡልጋ ሽማግሌዎች ዓይናችን አየ አይሉም። አንዱ ከአጎቱ፣ አጎቱ ከአማቱ፣ አማቱ ደግሞ እዚያው ድንኳን ውስጥ ከነበረ ሰው ሰማሁ ይላል። ሲቀባበሉት ጥቂት የጨመረበት አይጠፋም፤ የቀነሰበት ግን የለም።

የከሰም ቆላ ገዥ ፊታውራሪ አንዳርጌ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ አንበሳ ገድለዋል፣ ጎሽም ገድለዋል። የአዳራሻቸው ግድግዳ ቀንድና ቆዳ ብቻ ስለነበር፣ አዲስ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ለሰዎቹ እጅ ይንሣ ወይስ ለአውሬዎቹ ይቸግረው ነበር ይባላል። በእሳቸው ቤት ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ ወንድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አያ ማንደፍሮ ነው። የዚህ ሰው ሥራው ጨዋታ ነበር። ፊታውራሪ ሲከፋቸው ያስቃል፣ ሲቆጡ ያበርዳል፣ ሲበሉ አብሮ ይበላል። በዚህ በሦስተኛው ሥራው የሚደርስበት አልነበረም። ፈሪነቱንም አይደብቅ፤ እስስት ካየ መንገድ ይለውጣል።

አንድ ጊዜ በፋሲካ ግብር ላይ ገዳዩ ሁሉ በየተራው እየተነሣ ፎከረ። አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር፣ አንዱ ሌላ ያጣ ከርከሮ ገደልኩ አለ። ፉከራው ሲያበቃ ፊታውራሪ ወደ ማንደፍሮ ዞረው፣ የኔን እንጀራ የሚበላ ወንድ ሁሉ ግዳይ ጥሏል፤ አንተ እስከ ዛሬ ምን ጥለሃል ብለው ጠየቁት። ሰው ሁሉ ጎራሹን እጅ ከመንገድ መልሶ አዳመጠ። አያ ማንደፍሮ ከፊቱ ያለውን ጎድን ብድግ አደረገና፦

«ጌታዬ፣ ሁሉ ከጣለ ማን ያነሣል?»

*

ባቡሩ አዋሽን ከተሻገረ ወዲህ ነው። አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ፣ የልቡን ሳያደርስ እንዳይመለስ ከሚል ብርቱ ትእዛዝ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ፊታውራሪ ተላከ። ስሙ ሚስተር ብራክሊ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ምላሱ እምቢ ቢለው ሚስተር ብርቅዬ አለው። እንግዳውም ትርጉሙ ሲነገረው ደስ ብሎት በዚያው ጸና።

አስተርጓሚው ፊልጶስ ይባላል። ሚሲዮን ቤት ያደገ ጎልማሳ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው የለቀመው። ስለ መንግሥተ ሰማያት የተናገሩት እንደሆነ ውኃ ያደርገዋል። ስለ ድኩላና ስለ ከርከሮ ግን ሚሲዮኖቹ ያስተማሩት ነገር አልነበረም።

እንግዳው አዳራሽ ቀርቦ እጅ ነሣና፣ ምን እግር ጣለህ ቢባል፣ ጌም ላድን ነው የመጣሁት አለ። ፊልጶስ ጌም የምትባለዋን ቃል የሚያውቃት ከሜዳው ነው፤ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ያ ጌም ይባላል። ስለዚህ ሳያመነታ፣ እንግዳው ጨዋታ ሊያድን ነው የመጣው ብሎ አስተረጎመ።

ፊታውራሪ አዘኑለት። ባገሩ ጨዋታ ቢጠፋ ነው እንጂ ማን ባሕር ተሻግሮ ይመጣል አሉ። ቀጥለውም፣ አይዞህ በሉት፣ ጨዋታስ ከእኛ ዘንድ ሞልቷል፤ ከቆላው የተመረጠውንና የሰባውን ከድንኳኑ ደጅ ድረስ እልክለታለሁ አሉ። ለማንደፍሮም ከምሳ በኋላ ወደ እንግዳው ሄደህ አጫውተው የሚል ትእዛዝ ወጣ።

ፊልጶስ ይህንኑ መልሶ ሲተረጉምለት የእንግዳው ደስታ ወሰን አጣ። የተመረጠ፣ የሰባ ጌም፣ ያውም በእግሩ ሄዶ ሊመጣለት። ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ጥይት አጉርሶ፣ ከድንኳኑ ፊት በርከክ ብሎ ይጠባበቅ ጀመር። አያ ማንደፍሮ ነጠላውን አጣፍቶ፣ የሚያወራውን በልቡ እያሰናዳ ብቅ ሲል አፈሙዝ ተደቅኖ አገኘው። እንግዳው በእጁ ዞር በል ዞር በል ይለዋል፤ አውሬውን ከኋላው እየፈለገ ነው። ማንደፍሮ ምን ሆኖ ነው ቢል፣ ፊልጶስ፣ ጨዋታውን ሊገድለው እየጠበቀ ነው አለው። አያ ማንደፍሮ በአንድ ዝላይ ከፊልጶስ ጀርባ ገባና ከዚያው ሆኖ፦

«ንገርልኝ ፊልጶስ፤ በእኛ አገር ጨዋታ ሰውን በሳቅ ይገድላል እንጂ፣ ሰው ጨዋታን በጥይት አይገድልም።»

*

ነገሩ የጠራው እንግዳው ሁለት እጁን ከራሱ ላይ ቀንድ አድርጎ፣ ቀጥሎም መሬት ላይ በአራት እግሩ ከዘለለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፊልጶስ ራሱን ይዞ፣ ለካስ የሚታደነው አውሬም ጌም ነው የሚባለው አለ።

ፊታውራሪ እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ፣ አንድ ቃል እንዴት ጨዋታም አውሬም ይሆናል ብለው አስጠየቁ። እንግዳው፣ በአገራችን አደን የመኳንንት መጫወቻ ነው፤ አውሬውም በመጫወቻው ስም ተጠራ ብሎ አስረዳ። ፊታውራሪ ጎሽ የወጋውን ጎናቸውን ዳሰስ አደረጉ። ለእሳቸው አደን መቼም ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ወደ ማንደፍሮ ዞረው አንተስ ምን ትላለህ አሉት።

«ጌታዬ፣ ጨዋታ የሚባለው ሁለቱም ወገን ሲስቅ ነው። ድኩላዋ ስቃ ታውቅ እንደሆነ ትጠየቅልኝ።»

*

ከዚያን ቀን ወዲህ ቃሏ በግቢው ተዛመተች። በግ ጎታቹ በጉን ጌም ይለዋል፣ ወጥ ቤቷ ድመቷን ጌም ብላ ታባርራለች። እንግዳው ደግሞ በየቀኑ አዲስ ትርጉም ያወጣባታል፤ ፊልጶስ አንዱን ያዝኩ ሲል ሌላው ያመልጠዋል።

ወደ ቆላው የሚወርዱበት ጠዋት እንግዳው፣ አያ ማንደፍሮን ስለወደደው አብሮት እንዲሄድ ፈለገ። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀው። ፊልጶስ ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እንደ ምንም ብሎ፣ ጌም ነህ ወይ ይልሃል አለ። በኋላ እንደተረዱት እንግሊዞች ለአንድ ነገር ልቡ የቆረጠን፣ ለመሄድ የተሰናዳን ሰውም ጌም ነው ይሉታል። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አያ ማንደፍሮ የእንግዳውን ጠመንጃ አየ፣ የፊታውራሪንም ግድግዳ አየና፦

«አይደለሁም በለው። ቀንድ የለኝም፤ ቆዳዬም ለግድግዳ አይሆንም።»

*

እንግዳው ግራ እግሩን ያነክስ ነበር። የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ ሲሰናበቱት ይህን አይተው፣ የሚታሽበት ቅቤ አስመጥተው፣ እግርህን ምን ነካው አሉት። ፈረስ ጥሎት እንደነበር ተናገረና፣ ከዚያ ወዲህ ይህ እግሬ ጌም ነው አለ። የሚያነክስ እግርም በእነሱ ቋንቋ ጌም ይባላል መሰለኝ። ፊልጶስ ላብ በላብ ሆኖ እንደሰማው ቃል በቃል አስተረጎመ። ወይዘሮ ድንቅነሽ እግሩን ትክ ብለው አዩት፤ አውሬም አይመስል፣ ጨዋታም አይመስል። ከአጠገባቸው የቆመው አያ ማንደፍሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ምን ባሕር አቋርጦ አንከራተተው? ጌሙን ይዞት መጥቶ የለም እንዴ።»

*

በመንገዳቸው የባላምባራስ ዋሴ አገር አለ። ባላምባራስ የዚያ አውራጃ ወምበር ናቸው፤ ፍርዳቸው አይከፋም፣ ንፍገታቸው ግን በሰባት ወንዝ ማዶ ይታወቃል። ጥላቸው እንዳይካፈላቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አይበሉም ይባልላቸው ነበር። ፊታውራሪ ከነእንግዳቸው ሲመጡባቸው ግን ማምለጫ አልነበረም፤ አንዲት ዶሮ ታረደች። ለዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ዶሮ።

መሶቡ ሰፊ ነው፣ ወጡ ቀይ ነው፣ ሽታው ያውዳል፤ ሥጋው ግን አልታይ አለ። እንግዳው በርበሬው ዓይኑን እያስለቀሰው፣ ይህ ጌም ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስም አሁን ነቅቷል፤ የታደነ አውሬ ሥጋም በእነሱ ዘንድ ጌም ይባላል ብሎ ለሰዎቹ አስረዳ። በዚህ መካከል አያ ማንደፍሮ ጉርሻውን እንደያዘ ወጡን ከዳር ዳር ያስስ ነበር። እያንዳንዱን እጅ በዓይናቸው የሚከተሉት ባላምባራስ አላስችል ብሏቸው፣ ምን ጠፋህ ማንደፍሮ አሉት።

«ያንኑ ጌም እያደንኩ ነው ባላምባራስ። ዱካውስ አለ፤ አውሬው ግን ውኃ ተሻግሯል።»

ያን ዕለት በባላምባራስ የእንግዳ ቤት አደሩ። ጠዋት ሲነሡ ከጌታ እስከ ሎሌ የማያክ አልነበረም። እንግዳው ክንዱን እየፎከተ ስለ አደኑ ማውራት ጀመረ። ጌም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንበሳና ጎሽ ትልቁ ጌም፣ ጥንቸልና ቆቅ ትንሹ ጌም ይባላሉ፤ እስካሁን አንዱንም አላየሁ አለ። አያ ማንደፍሮ ነጠላውን ደጅ ላይ እያራገፈ መለሰለት።

«ትልቁን እንጃ። ትንሹ ጌም ግን ሌሊቱን ሙሉ እኛን ሲያድን ነው ያደረው።»

ከባላምባራስ አገር ሳይወጡ ደግሞ እንግዳው ሌላ ነገር አወራ። በእነሱ አገር በአንድ ጌታ ርስት ላይ የሚግጠው ጌም ሁሉ የጌታው ነው፤ ጠባቂ ይቆምለታል፣ ያለ ፈቃድ የነካ ይታሰራል አለ። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሚዳቋውን ሁሉ በከንቱ ሲለቁት መኖራቸው ቆጫቸው። ወዲያው በጣታቸው ወደ ሜዳው እያመለከቱ፣ እንግዲያ እነዚያ የእኔ ናቸዋ አሉ። በጋ ስለነበር ሣር የለም፤ ሚዳቋዎቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። አያ ማንደፍሮ እጁን ከግንባሩ ላይ አጥልቶ አያቸውና፦

«የእርስዎ መሆናቸውማ ያስታውቃል፤ ከስተዋል።»

*

ከሰም ወንዝ ዳር ሲደርሱ ነብር ገብቶበታል የተባለ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አገኙና ከበቡት። ነብሩን ከውስጥ የሚያስወጣ ሰው ግን ጠፋ። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ሌላው የጫማውን ጠፍር ያጠብቃል። ፊታውራሪ በእንግዳው ፊት አፈሩ። አሽከሮቻቸውን ለመስደብ ብለው ማንደፍሮን ጠሩና፣ አንተ ግባና እነዚህን ሴቶች አሳፍርልኝ፤ ስምህስ ማንደፍሮ አይደለም ወይ አሉት።

«ጌታዬ፣ ስሜ ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ማን ደፍሮ? እያልኩ ስጠይቅ ይኸው ሸበትኩ።»

ከቁጥቋጦው የወጣው ግን ነብር አልነበረም። ሳቁ ሳያባራ አንድ ሽማግሌ ከርከሮ ጥርሱን አግጥጦ፣ ጅራቱን እንደ ዘንግ አቁሞ በሰዉ መካከል ዘለቀ። አያ ማንደፍሮ ወደ ግራር መውጣቱን ያየ የለም፤ ወጥቶ ነው የታየው። ሁለተኛ የደረሰው ሚስተር ብርቅዬ ነው። የሚያነክሰው እግሩ ያን ቀን ጤነኛውን ቀደመው። ሦስተኛው ፊልጶስ ሲሆን፣ እሾሁ ሱሪውን ይዞ አስቀርቶበት በሸሚዝ ብቻ ከላይኛው ቅርንጫፍ ተሰቀለ። ከርከሮው ከሥር ግንዱን ይዞራል፣ አፈሩን ይጭራል፣ ቀና ብሎም ያያቸዋል።

እንግዳው ነፍሱ መለስ ሲልለት በሳቅ ፈረሰና አንድ ነገር ተናገረ። ፊልጶስም ከላይ ሆኖ፣ ሸሚዙን በአንድ እጁ ወደ ታች እየጎተተ፣ እንዴት ያለ ጌም ነው ይላል ብሎ አወረደው። አያ ማንደፍሮ ከከርከሮው ጋር ዓይን ለዓይን እንደተያየ ነበር።

«ቃሉ አሁን ነው የገባኝ በለው። ጌም ማለት ዛፍ ላይ የወጣው ነው።»

*

ከርከሮውን በመጨረሻ አሽከሮቹ አባረሩት። አያ ማንደፍሮ ሲወርድ ግን የተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ አብሮት ወረደ። ዛፉ ያለው በባላምባራስ ዋሴ ወሰን ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ባላምባራስ ቅርንጫፉን በአህያ አስጭነው፣ ፊታውራሪ ወዳረፉበት ድንኳን መጥተው ከሰሱ። ሊዳኙ የኖሩ ሰው ናቸውና ክስ ያውቃሉ። ግራሩን አባቴ ያውቀዋል፣ አያቴ ያውቀዋል፤ ይህ ሰው ሳያስፈቅደኝ ወጣበት፣ ሳያስፈቅደኝም ገነጠለው ብለው እስኪበቃቸው ተናገሩ።

ፊታውራሪ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን እየጎተቱ፣ ተከሳሽ ምን ትመልሳለህ አሉ። አያ ማንደፍሮ ነጠላውን አደግድጎ ቀረበ። ፊቱ ገና በእሾህ እንደተቧጠጠ ነው።

«ጌታዬ፣ የባላምባራስ መሆኑን በምን ልወቀው? የእርሳቸው የሆነ ነገር እንዲህ በቀላሉ ለቅቆ አያውቅም።»

ፍርዱ ቅርንጫፉ ለባላምባራስ ማገዶ እንዲሆን ነበር፤ አህያዋ የተጫነችውን ይዛ ተመለሰች።

*

እስካሁን ያለው የሳቅ ነው። ይህን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ከዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከችሎቱ በኋላ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ፊታውራሪ በበቅሎ ከፊት ነበሩ። ድንገት ልጓሙን ያዙና እጃቸውን አንሥተው ሰዉን አስቆሙ። ያውና አጋዘን፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል አሉ። ሰው ሁሉ አየ። የቆመው መብረቅ የመታው የዋርካ ጉቶ ነው። አንድ አሽከር ወደ አንዱ ዞረ፤ ማንም ደፍሮ አልተናገረም፤ እንግዳው መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አድርጎ ይፈልጋል። አያ ማንደፍሮ ከክረምት ወዲህ የጌታው እጅ ዋንጫውን ስታ ከመሶቡ ጠርዝ ላይ ስታርፍ ያየ ነበር፤ ሞቅታ ነው ብሎ ራሱን ሸንግሎ ኖሯል። ከበቅሎዋ አጠገብ ደረሰና ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፦

«እውነት ነው ጌታዬ። እርስዎን ሲያይ ደርቆ ቀረ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ፊታውራሪም አብረው ሳቁ፤ ጉዞው ቀጠለ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ግን ማንደፍሮን ብቻውን ወደ ድንኳናቸው አስጠሩት። ጉቶ ነበር አይደል አሉት። አዎ ጌታዬ አለ። ከክረምት ወዲህ ዓይናቸው ላይ ጉም እንደ ወረደባቸው፣ ለድንቅነሽ እንኳ እንዳልተናገሩ ነገሩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንደፍሮ አንድ ነገር ባላጣ ነበር። ያን ዕለት ግን የጌታውን ጉልበት ስሞ ወጣ።

*

እንግዳው ሊመለስ የተነሣበት ጠዋት ደረሰ። ሚስተር ብርቅዬ የልቡን አድርሷል፤ ድኩላም ጥሏል፣ ያን ሽማግሌ ከርከሮም ተበቅሏል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አለ፤ ቆላው ሁሉ የሚያወራላቸው ፊታውራሪ ሲተኩሱ ማየት።

እምቢ ቢሉ አረጁ ይባላል። ተኩሰው ቢስቱ ደግሞ ወሬው ከእንግዳው ጋር በባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ዓይኑ የደከመ የጠረፍ ገዥ ሹመቱ ለጎልማሳ እንደሚሰጥ የማያውቅ የለም። አያ ማንደፍሮ የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። በቅሎዋ አነከሰች አለ። ዛሬ የታቦት ቀን ነው አለ፤ የየትኛው ታቦት እንደሆነ ቢጠየቅ ግን አልያዘለትም። በመጨረሻም ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ፊታውራሪ እንደተንከባለለ ቁልቁል አዩትና፣ በቃ ተወው ማንደፍሮ፣ ተነሥ ብለው ምንሽራቸውን አስመጡ።

በመንገድ ላይ እንግዳው ደስ ብሎታል። እስካሁን ጌም የምትለዋን ቃል እኔ አስተማርኳችሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ አንድ ቃል አስተምሩኝ፤ የሚያድነውን ሰው ምን ትሉታላችሁ አለ። ፊልጶስ አዳኝ እንለዋለን አለው። እንግዳው ተገርሞ፣ ይህንንማ ቄሳችሁ ስለ ክርስቶስ ሲናገሩ ሰምቻለሁ አለ። ፊልጶስ ወደዚህ አገር ከወረደ ጀምሮ ገና አሁን ከሚያውቀው ሜዳ ገባ። ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነገር ግን ይለያል አለ። ‹ዳ›ን ያጠበቋት እንደሆነ አውሬ የሚገድለው ነው፤ ያላሏት እንደሆነ ነፍስ የሚያድነው ነው ብሎ አስረዳው። እንግዳው ሊያጠብቃት ቢታገል፣ ምላሱ እየላላችበት፣ ጠመንጃ የያዘውን ሁሉ መድኃኔ ዓለም እያደረገ አሽከሮቹን መንገዱን ሙሉ አሳቃቸው። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ከወንዙ ማዶ አጋዘን ወጣ። ቀንዱ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ወደ ላይ የሄደ ወንድ ነው። ውኃ ሊጠጣ አንገቱን ዝቅ አደረገ። አያ ማንደፍሮ ከፊታውራሪ ጎን ተንበርክኮ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ወደ ግራ ጌታዬ፣ ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ብቻ ይላል። ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሰው ምሪቱ የት ይደርሳል። ፊታውራሪ ተኮሱ።

ከአጋዘኑ በላይ ካለው ገደል አቧራ ቦነነ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አያቸው። አልቸኮለም፤ ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ፣ ከነቀንዱ በዛፎቹ መካከል ገባ።

አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ። ፊልጶስ ሳያስበው አማተበ። እንግዳው ባርኔጣውን አወለቀና ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ ደፋው። ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን እንደደገኑ ናቸው፤ ከጭሱ በቀር ያዩት ነገር የለም። ፉከራ ጠበቁ፣ ፉከራ ቀረ። ጸጥታው ረዘመባቸውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አፈሙዙን ሳያወርዱ ጠየቁ።

«ማንደፍሮ፣ ወደቀ?»

አያ ማንደፍሮ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ፤ ነጠላውን አደገደገ፤ ለጥ ብሎም እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ አዳኝ የምትለዋን ቃል ዕድሜ ልክዎን ሲያጠብቋት ኖሩ፤ ዛሬ ግን አላሏት።»